ሁለተኛው ምስክር፦ ተጠባባቂ የሬዲዮ ናቪጌሽን ሥርዓቶች ለአብራሪዎች ለምን ያስፈልጋሉ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ ያረጀ መስሎ ሊታይ ይችላል። በኪሳችን የያዝነው ስልክ የቆምንበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት በሚነግረን ዘመን፣ በየኮረብታው ላይ ስለ ተተከሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። የእኔ መልስ አጭር ነው። በደመና ውስጥ የሚበር አብራሪ «የት ነው ያለሁት?» ለሚለው ጥያቄ የሚያገኘው መልስ ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ምንጭ ሲሳሳት መሳሳቱን የሚነግረው ሌላ የለም። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌና ስለ አዲስ መሣሪያ ሳይሆን ስለ ምስክርነት ነው።

አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። የአቪዬሽን ምሕንድስናም ከዚህ የተለየ ነገር አላለም። ነገር ግን በዚህ ተረት ውስጥ ያልተነገረ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሁለቱ በእውነት ሁለት መሆን አለባቸው። አንደኛው ምስክር የተናገረውን ሰምቶ የሚደግም ሰው በሸንጎ ፊት ቢቆም ሁለተኛ ምስክር አይባልም። የገለጻዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃ ነው።

ከምድር የሚነገሩ አቅጣጫና ርቀት

አስቀድመን መሣሪያዎቹን እንተዋወቅ። በዕድሜ አንጋፋው ኤንዲቢ የሚባለው ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ በዝቅተኛና በመካከለኛ ሞገድ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያሰራጭ ተራ ማሠራጫ ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መቀበያ ድምፁ ከየት እንደ መጣ ፈልጎ መርፌውን ወደዚያ ያዞራል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። በሌሊት ሞገዱ ከላይኛው ከባቢ አየር እየተንጸባረቀ ይመጣና መርፌውን ያወዛውዘዋል። ነጎድጓድ ሲኖር ደግሞ መርፌው ጣቢያውን ትቶ መብረቅ ወደሚበርቅበት ይዞራል። አብራሪው እጅግ መራቅ የሚገባውን ቦታ «ወደዚህ ና» ብሎ ማሳየቱ ነው።

ሁለተኛው ቪኦአር ነው። የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ከሚያበቁበት ከ108 ሜጋኸርትዝ ጀምሮ እስከ 118 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይሠራል። አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው በመስቀል አደባባይ መካከል ቆሞ የእጅ ባትሪ ይዞ በእኩል ፍጥነት ይዞራል እንበል። ብርሃኑ ወደ ሰሜን በዞረ ቁጥር ጓደኛው ከበሮ ይመታል። እናንተ በአደባባዩ ዳር የትም ብትቆሙ፣ ከከበሮው ምት ጀምሮ ብርሃኑ ዓይናችሁን እስኪነካ ያለውን ጊዜ ብትቆጥሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ቪኦአር ይህንን በሰከንድ 30 ጊዜ ያደርጋል፤ መቀበያው ደግሞ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን የፌዝ ልዩነት ለክቶ ከጣቢያው የሚወጣውን ራዲያል ይናገራል።

ሦስተኛው ዲኤምኢ ርቀትን ይለካል። በገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ የማዶውን ርቀት መገመት ይችላል። ዲኤምኢም አውሮፕላኑ የላከውን ጥንድ ምት ተቀብሎ፣ በትክክል 50 ማይክሮ ሰከንድ ጠብቆ ይመልሳል። የሬዲዮ ሞገድ አንድ የባሕር ማይል ደርሶ ለመመለስ 12.36 ማይክሮ ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ መልሱ በ297 ማይክሮ ሰከንድ ቢደርስ፣ ከዚያ ላይ 50ውን ቀንሰን ለ12.36 ስናካፍል 20 የባሕር ማይል እናገኛለን። ይህን ስሌት ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በወረቀት ጥግ ይሠራዋል። ከሁለት ጣቢያዎች ርቀትን የለካ አውሮፕላን ሁለት ክቦች የሚቋረጡበትን ነጥብ ስለሚያውቅ ያለ ሳተላይት ቦታውን ይወስናል።

አይኤልኤስ የሚባለው ደግሞ አውሮፕላኑን በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ወደ መንደርደሪያው በሚወስደው መስመርና በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የሚመራው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ፣ ከማንም ድምፅ ሳይሰማ እንቅስቃሴውን ራሱ እየቆጠረ የሚሄድ ኢነርሻል ሥርዓት አለ። ዓይኑን ጨፍኖ እርምጃውን እየቆጠረ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ማንም ሊያፍነው አይችልም፣ ነገር ግን ስሕተቱ ከሰዓት ሰዓት እየተጠራቀመ ይሄዳል። በሰዓት እስከ 2 የባሕር ማይል መዛነፉ የሚጠበቅ ነው። ውቅያኖስ ለማቋረጥ ይበቃል፤ በተራሮች መካከል ለማረፍ ግን አይበቃም።

ሩቁ ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1983 የኮሪያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 007 ከመንገዱ ወጥቶ በሶቪየት ኅብረት ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሥራ ሲጀምር ለሲቪል ተጠቃሚዎች ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረው የትክክለኛነት ቅነሳ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሳተላይት ናቪጌሽን አቪዬሽንን ለውጦታል። ምንም የምድር ጣቢያ የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ትክክለኛ የመቃረቢያ መስመር ሊኖረው ቻለ። ይህ ለድሃ አገር የሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ዛሬ ስለ ተጠባባቂ የምናገረውም ይህን ጥቅም ለማኮሰስ አይደለም።

ነገር ግን ፊዚክሱን እንይ። ሳተላይቱ ያለው በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን የሚያሰራጨው በጥቂት አሥር ዋቶች፣ ማለትም በአንድ የቤት አምፖል ኃይል ነው። ወደ እኛ ሲደርስ ምልክቱ ከመቀበያው ከራሱ የተፈጥሮ ጫጫታ በታች ይሆናል። መቀበያው የሚያገኘው አስቀድሞ በሚያውቀው ኮድ እየፈለገ ስለሆነ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ የምሕንድስና ጥበብ ነው፤ ያንኑ ያህልም ደካማ ጎን ነው። በአንጻሩ የአንድ ዲኤምኢ ጣቢያ ምት እስከ 1,000 ዋት ይደርሳል፤ ርቀቱም በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተወሰነ ነው።

ደካማን ድምፅ ለማጥፋት ትልቅ ጩኸት አያስፈልግም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ነዋሪ የሆነ አንድ ሾፌር አሠሪው እንዳይከታተለው ብሎ በመኪናው ውስጥ የሰካው ትንሽ የጂፒኤስ ማፈኛ፣ በኒዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ ይሞከር የነበረውን የሳተላይት ማረፊያ ሥርዓት አውኮ ተገኘ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 32,000 ዶላር የሚጠጋ ቅጣት አቀረበበት። ሰውየው በአውሮፕላን ላይ ክፋት አላሰበም፤ ስለ አውሮፕላን ጨርሶ አላሰበም። በጦርነት ቀጣና ግን ይህ ድርጊት ሆን ተብሎ፣ በታላላቅ መሣሪያዎች ይፈጸማል።

አፈና ቢያንስ ሐቀኛ ጉዳት ነው፤ መሣሪያው «አላውቅም» ይላል። የከፋው የሐሰት ምልክት መላክ ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ያለ ምንም ጥርጣሬ የተሳሳተ ቦታ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ በኢራቅ ሰማይ ላይ የሚያልፉ አውሮፕላኖች ይህ ደርሶባቸዋል። የአውሮፕላኑ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ጭምር ተዛብቷል። እጅግ አሳሳቢው ነገር፣ በአንዳንድ አውሮፕላኖች ማንም ሊያፍነው የማይችል ያልነው ኢነርሻል ሥርዓትም አብሮ መሳሳቱ ነው። እንዴት ቢባል፣ የራሱን መዛነፍ ለማረም ከጂፒኤስ ይጠይቅ ስለ ነበር ነው። ሁለተኛው ምስክር የመጀመሪያውን እየጠየቀ ይናገር ነበር ማለት ነው።

ታርቱ፦ አንድ ምስክር ብቻ የነበረው ከተማ

ታርቱ የኢስቶኒያ ሁለተኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ከሄልሲንኪ ወደዚያ ያመሩ ሁለት የፊንኤር አውሮፕላኖች በጂፒኤስ መታወክ ምክንያት ሳያርፉ ተመለሱ። አየር መንገዱም ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 31 ድረስ ወደ ከተማዋ የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ።

ልብ በሉ፤ በባልቲክ አካባቢ የጂፒኤስ መታወክ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የፊንኤር አውሮፕላኖችም በዚያ ሰማይ ላይ በየቀኑ ይበሩ ነበር። በሌሎች ማረፊያዎች መብረር ያላቆሙት ሌላ የመቃረቢያ መንገድ ስለ ነበራቸው ነው። በታርቱ ግን አየር መንገዱ የሚጠቀምበት የመቃረቢያ ሥርዓት በጂፒኤስ ላይ ብቻ የቆመ ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? አዲስ ሳተላይት አልተተኮሰም። በዲኤምኢ ጣቢያዎች ላይ የተመሠረተ የመቃረቢያ መንገድ ተዘጋጀ፤ በጁን መጀመሪያም በረራው ቀጠለ። አንዲትን ከተማ ለአንድ ወር ያህል ከሰማይ መንገድ ያቋረጣት፣ ብዙዎች ጊዜው አልፎበታል የሚሉት መሣሪያ አለመኖሩ ነበር።

አዲስ አበባ፦ ጣቢያው ሲሳሳት

እዚህ ላይ ብናቆም ትምህርቱ «ወደ ድሮው እንመለስ» የሚል ይመስላል። ስለዚህ ከራሳችን ሰማይ የመጣውን ተቃራኒ ታሪክ ላቅርብ።

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003 የብሪቲሽ ሜዲትራንያን አየር መንገድ ንብረት የሆነ አንድ ኤርባስ ኤ320 ወደ አዲስ አበባ በቪኦአርና በዲኤምኢ እየተመራ ይቃረብ ነበር። በቪኦአሩ አንቴና ውስጥ ውኃ ገብቶ ስለ ነበር ጣቢያው የተሳሳተ አቅጣጫ ያሰራጭ ነበር። ጣቢያው ራሱን መርምሮ ስሕተት ሲያገኝ መዘጋት ሲገባው አልተዘጋም። ሠራተኞቹ በመስመሩ ላይ ያሉ እየመሰላቸው አውሮፕላኑ ከማረፊያው በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ከፍታ አመራ። ሽቅብ መውጣት በጀመሩበት ጊዜ አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ በላይ የነበረው 56 ጫማ፣ ማለትም 17 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሁሉም በሕይወት ተረፉ።

ስለ ጣቢያው ጥገና ብቻ ብንነጋገር ግን የዚህን ታሪክ ዋና ትምህርት እናጣለን። አውሮፕላኑ የጂፒኤስ መቀበያ አልነበረውም። በአብራሪዎቹ ፊት ያለው ካርታ ቦታውን የሚወስነው ከዚያው ከቪኦአርና ከዲኤምኢ ጣቢያ ነበር። ተራራ ሲቃረብ እንዲያስጠነቅቅ የተገጠመው መሣሪያም ቦታውን የሚጠይቀው ያንኑ ኮምፒዩተር ነበር። መርፌው፣ ካርታውና የተራራ ማስጠንቀቂያው ሦስቱም ተስማምተው ነበር። የተስማሙት ግን ሦስቱም የሰሙት ውኃ ከገባበት ከአንድ አንቴና ስለ ነበር ነው። የተለየ ምስክርነት መስጠት የሚችለው የሬዲዮ ከፍታ መለኪያው ነበር፤ እርሱ ቦታን ሳይጠይቅ በቀጥታ ከሥሩ ያለውን መሬት ይለካልና። የ56 ጫማው ቁጥር የተገኘውም ከእርሱ ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ2003 በአዲስ አበባ የምድሩ ጣቢያ ሲሳሳት ሊያርመው ይችል የነበረው ሳተላይት ነው። በ2024 በታርቱ ሳተላይቱ ሲታወክ የተካው የምድር ጣቢያ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ይሻላል የሚል አይደለም። በዛሬዎቹ አውሮፕላኖች የተራራ ማስጠንቀቂያው ቦታውን ከጂፒኤስ ስለሚወስድ፣ የሐሰት ምልክት ሲላክ በሰላሙ ሰማይ ላይ «ሽቅብ ውጣ» እያለ ይጮኻል። በ2003 የነበረው ደካማነት ቦታውን ቀይሮ እንደገና መጥቷል። መሣሪያው ታድሷል፤ የአንድ ምንጭ ችግር ግን እንዳለ ነው።

ተጠባባቂ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

ከዚህ በመነሣት አንድ ሥርዓት ተጠባባቂ ለመባል ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት እላለሁ።

አንደኛ፣ ምንጩ የተለየ መሆን አለበት። ጂፒኤስን፣ ጋሊሊዮንና ግሎናስን ሦስት ምስክሮች አድርገን እንቆጥራለን። ነገር ግን ሦስቱም ከሩቅ የሚመጡ፣ ደካማና በተቀራራቢ የሞገድ ክልል የሚሠሩ ናቸው፤ አንድ በቂ ኃይል ያለው ማፈኛ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያደነቁራል። ለሳተላይቱ ብልሽት መድኃኒት ናቸው፤ ለአፈናው ግን አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ራሱን የሚመረምርና የሚመረመር መሆን አለበት። የማያስተላልፍ ጣቢያ አብራሪውን ያስቸግረዋል፤ በስሕተት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ግን ይገድለዋል። በየጊዜው በልዩ አውሮፕላን የሚደረገው የጣቢያዎች የበረራ ምርመራ እንደ ትርፍ ወጪ የሚታይ ከሆነ፣ ጣቢያውን ከናካቴው መዝጋት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የሚጠቀምበት ሰው መለማመድ አለበት። በራዲያል ላይ መብረርን ለፈተና ብቻ የተማረ አብራሪ፣ ስክሪኑ በጨለመበት ቅጽበት ከትዝታው ሊያወጣው አይችልም። ያልተለማመዱት ተጠባባቂ በወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ ነው።

ዋጋውስ?

እነዚህን ጣቢያዎች ማቆየት ገንዘብ ይጠይቃል። ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫ፣ ጥበቃ፣ ወደ ተራራ የሚወጣ መንገድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠለጠነ ቴክኒሽያን ያስፈልጋል። በአብዛኛው ቀን ማንም የማይጠቀምበትን መሣሪያ በጀት ጠይቆ ማስጠገን ለማንኛውም ኃላፊ ከባድ ነው። ይህን ክርክር አቃልዬ አላየውም።

አሜሪካ የመረጠችው መንገድ እዚህ ላይ ያስተምራል። የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር 900 ገደማ የነበሩትን ቪኦአሮች ሁሉ አላቆየም፣ ሁሉንም አልዘጋም። ወደ 600 ገደማ ዝቅ ለማድረግ ሲያቅድ መነሻ ያደረገው ግልጽ ጥያቄ ነበር፦ ጂፒኤስ ቢጠፋ በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን በሰላም ለማረፍ ቢያንስ ምን ያስፈልገዋል? መልሱም፣ ከምዕራቡ ተራራማ ክልል በስተቀር፣ ከመሬት በላይ በ5,000 ጫማ የሚበር አውሮፕላን የቪኦአር ምልክት እንዲያገኝና በ100 የባሕር ማይል ውስጥ ያለ ጂፒኤስ የሚያርፍበት ማረፊያ እንዲኖረው የሚል ሆነ። ይህ የቁጠባ ዕቅድ ነው፤ ነገር ግን የሚቆጥበው አስቦ ነው።

ይኸው አገር ግን ሎራን-ሲ የተባለውን በ100 ኪሎኸርትዝ የሚሠራ ኃይለኛ የረጅም ርቀት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ዘጋ። ብሪታንያም ኢሎራን የተባለውን የተሻሻለ ሙከራ በ2015 መጨረሻ አቆመች። በአንጻሩ ከሰሜን ጎረቤቷ የሚመጣው የጂፒኤስ አፈና ደጋግሞ ያስቸገራት ደቡብ ኮሪያ ወደዚሁ ቴክኖሎጂ ተመለሰች። አንድን ሥርዓት ለመዝጋት አንድ ፊርማ ይበቃል። መልሶ ለማቆም ግን ምሰሶው፣ ሞገዱና ሙያተኛው እንደገና መገኘት አለባቸው፤ ከሦስቱ የመጨረሻው እጅግ ይዘገያል።

ለእኛ

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሌሎች አገሮች ወሬ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየም አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል አካባቢ ይልቅ መሬቱን በፍጥነት ያልፋል። ስሕተትን አይቶ ለማረም ያለው ጊዜ ያጥራል ማለት ነው። የቪኦአርና የዲኤምኢ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንጂ ተራራ የሚዞር አይደለም። በሜዳማው በታርቱ የሚበቃ የጣቢያ ቁጥር በደጋማ አገር ላይበቃ ይችላል። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አውሮፓ የሚበሩት አውሮፕላኖቻችንም ምልክት በሚታፈንባቸው ክልሎች አጠገብ ያልፋሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ወደፊት ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ በጀት የሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። «ይህ ጣቢያ ባለፈው ዓመት ስንት አውሮፕላን ተጠቀመበት?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ እንደማያስደነግጣችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ትክክለኛው ጥያቄ «ሌላው ሁሉ በተሳሳተበት ሰዓት፣ ከሌላው ያልሰማውን የሚናገር ማን ቀረ?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ አንቴና ላይ ወጥታችሁ ውኃ የሚገባበትን ስንጥቅ የምትደፍኑ ትሆናላችሁ። ይህ ሥራ ዜና አይሆንም፤ በትክክል ከተሠራ ምንም ነገር አይደርስምና። ከአዲስ አበባው የ56 ጫማ ታሪክ የተማርን ከሆነ ግን፣ የዚያን ስንጥቅ ዋጋ እናውቃለን።